ቢተው የመረጠው የትግል ቤት

ቢተው ደብረ ማርቆስ በገባ በሳምንቱ የድብድብ ትምህርት ቤት ያጠያይቅ ጀመር። ዕድሜው አርባን ዘሏል፤ ጠጉሩም ሸብቷል። አከራዩ ወይዘሮ ሥራነሽ ሲሰሙ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«በዚህ ዕድሜህ ደግሞ ከማን ጋር ልትደባደብ ነው?»

«ለጤና ነው፣ እትዬ» አላቸው።

ተከራያቸው ጨዋ ነው፤ አይጠጣ፣ አያመሽ። ሁኔታው ግን ግራ ያጋባል። መብራት ሳያጠፋ ይተኛል። ሲነጋ ደግሞ የግቢው በር አጠገብ ቆሞ ሰው እስኪከፍትለት ይጠብቃል። «ኧረ አልተቆለፈም፣ ግፋው!» ሲሉት ደንገጥ ብሎ ይወጣል፤ በማግስቱም ያው ነው። የገጠር ሰው ዓይን አፋርነት ነው ብለው ተዉት።

የአምበር ሰው ነው። እዚያ ከዓለምነው ቤት ጋር ደም አላቸው። ሽማግሌ ተቀምጦ ሳይሆን ቀርቷል፤ መስቀል ይዞ የሄደውም ቄስ ከደጅ ተመልሷል። ቢተው ያለው አንድ ልጅ ነው፣ ባዘዘው የሚባል፤ ዘንድሮ ጢም አብቅሏል። በዚያ አገር ደግሞ ጢም ያበቀለ ወንድ ከሰው ተቆጠረ፣ ደሙም ውስጥ ገባ ማለት ነው። ነገሩን አባትየው ካልጨረሰው ወደ ልጁ ይሻገራል። ይህን ሲያስብ ድሮ እንቅልፍ ያጣ ነበር። አሁን ግን ምንም አይሰማውም፤ ቁጣም የለ፣ ፍርሃትም የለ።

የዓለምነው ልጅ እንዳላማው ደብረ ማርቆስ ገብቶ ድብድብ እየተማረ ነው ሲባል ሰምቷል። የት እንደሚማር ግን የነገረው የለም። ስም ጠርቶ ቢጠይቅ ወሬው ይቀድመዋል። ስለዚህ እንደማንኛውም እንግዳ ትምህርት ቤት መራጭ ሆነ።

መጀመሪያ የገባው ቴኳንዶ ቤት ነው። ነጭ የለበሱ ጎረምሶች ተሰልፈው አየሩን በእርግጫ ይደበድባሉ። አሠልጣኙ ስለ ቀበቶው ቀለም፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ ሥነ ሥርዓቱ በሰፊው አስረዳው። ቢተው ጆሮውን ሰጥቶ፣ ዓይኑን ተማሪዎቹ ፊት ላይ አንድ በአንድ አሳለፈ። «አስብበታለሁ» ብሎ ወጣ። ካራቴ ቤቱም እንዲሁ ሆነ። እዚያማ ሻይ ቀርቦለት ነበር፤ ሳይጨርሰው ተነሣ።

አንድ ቀን ከሰዓት ወይዘሮ ሥራነሽ ልብስ ሲያሰጡ በመስኮቱ በኩል ድምፁን ሰሙት። ስልክ እያወራ ነው።

«ባዘዘው፣ አትምጣ ብዬሃለሁ። ይህንን እኔው እጨርሰዋለሁ። ከዚያ በኋላ ማንም አይነካህም።»

የያዙት ልብስ ከእጃቸው ወደቀ። ደም መላሽ ቤታቸው አስገብተዋል! ነጠላቸውን እንኳ በወጉ ሳያጣፉ ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ ቄስ ወልደ ገብርኤል ሮጡ።

ቄሱ መጡ። ቢተው መስቀል ተሳልሞ ቆመ።

«ልጄ፣ የምትፈልገውን ሰው አገኘኸው?»

«ገና ነኝ፣ አባ።»

«ተወው። ይቅር በልና ደሙን ለእግዚአብሔር ስጥ።»

ቢተው መሬት መሬት እያየ «ይቅር ማለቱ በእኔ እጅ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ባልኩ» አለ።

«ታዲያ በማን እጅ ነው?»

ቢተው መስቀሉን ደግሞ ተሳለመ። ቄሱ ቢመክሩት፣ ቢገሥጹት ከዚህ አላለፈም። ሲወጡ ለወይዘሮ ሥራነሽ «ልቡ ደንድኗል፤ ጸልዩለት» አሏቸው። ወይዘሮ ሥራነሽ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚጸልዩት ላልታወቀው ለዚያኛው ሰው ነው።

ሦስተኛው ቤት ከአንድ እህል ወፍጮ ጀርባ ነው። መሬቱ ላይ አሮጌ ፍራሽ ተነጥፎ ሸራ ተወጥሮበታል። አሠልጣኙ አበባው ጁጂትሱን አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ ወሬኛ ወጣት ነው።

«የብራዚሎች ነው። እዚህ ቡጢ የለ፣ እርግጫ የለ። ይዞ መጣል፣ መሬት ላይ መቆለፍ፣ ማነቅ ነው» አለው።

ቢተው እየሰማው አልነበረም። ጥግ ላይ አንድ ረጅም ልጅ ባዶ እግሩን ቆሞ ሰውነቱን ያፍታታል። በመጨረሻ ያየው እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ሳለ ነው፤ ግንባሩ ግን የዓለምነው ግንባር ነው። የትም ቢያየው አይስተውም።

«እዚህ እማራለሁ» አለ።

«ሰዓቱን እንኳ ሳትጠይቀኝ?»

«ይሁን። ከዚያ ረጅም ልጅ ጋር አድርገኝ።»

«እንዳላማው? እሱ እኮ ለጀማሪ አይራራም።»

«ግድ የለም።»

ጫማውን አውልቆ ገባ። ልጁ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ ጨበጠው፤ ማን እንደሆነ አላወቀም።

«አንተ ለምንድን ነው የምትማረው?» አለው ቢተው።

«አንድ ጉዳይ አለኝ» አለ ልጁ።

አበባው ልጁን አስቀመጠና ቢተውን ከጀርባው አንበረከከው። የቢተውን ክንድ በልጁ አንገት ዙሪያ አዙሮ የት ላይ እንደሚጠብቅ አሳየው። «ቀስ ብለህ ጭመቅ። ሲበቃው ክንድህን መታ መታ ያደርግሃል፤ ወዲያው ልቀቀው» ብሎ ወደ ሌሎቹ ዞረ።

ቢተው የልጁ የአንገት ደም ሥር ሲመታ በክንዱ ላይ ተሰማው። ማንም እያያቸው አይደለም። ትንሽ እንደዚያው ቆየ።

ከዚያ ክንዱን አላቀቀ።

«መጀመሪያ አንተ ያዘኝ» ብሎ ዞሮ ጀርባውን ሰጠው።

የልጁ ክንድ መጣ፤ ጠንካራ ነው። አንገቱ ሥር ገብቶ ጠበቀ። ቢተው ሁለት እጆቹን ጭኑ ላይ አሳረፈና ድምፁ ከመዘጋቱ በፊት ተናገረ።

«እንዳላማው፣ አባትህን ገድዬ፣ ታስሬ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ በእኔ ይብቃ፣ ልጄን ተውልኝ።»