ሁለት መንግሥት በአንድ ላፕቶፕ

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ዛሬ ረፋዱ ላይ፣ አራት ኪሎ ባለች አንዲት የጥገና ሱቅ ውስጥ፣ አንድ ያረጀ ላፕቶፕ በሁለት መንግሥት እንዲተዳደር ተወስኗል።

ላፕቶፑን ይዘው የመጡት ሽማግሌ ውሳኔ ለጠጋኙ ለይድነቃቸው አልጣመውም። «ጋሼ፣ አሮጌውን ዊንዶውስ ላጥፋውና ሊነክስ የሚባለውን አዲሱን ሲስተም ብቻ ልጫንልዎት። ሁለቱ አብረው ከሆኑ እንደ ጣውንት ቦታ ሲሻሙ ነው የሚኖሩት።»

«ይሻሙ» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ደብዳቤ የምጽፍበትን አዲሱን ጫንልኝ። አሮጌው ግን እንዳይነካ!» ይህን ሲሉ አራተኛ ጊዜያቸው ነበር።

ይድነቃቸው የላፕቶፑን ቦታ ለሁለት ከፍሎ አዲሱን ጫነ። «እንግዲህ ሲያበሩት የትኛው ይከፈት ብሎ ይጠይቅዎታል። ዝም ካሉት በራሱ የሚከፈተው የትኛው ይሁን?»

«አሮጌው።»

ሊሞክረው አሮጌውን ከፈተ። ጥርሰ ፍንጭት ልጃገረድ ከስክሪኑ ላይ ሳቀችለት። ከፎቶዋ ሥር «ሶስና» የሚል ስም አለ፤ ከስሙ ሥር የይለፍ ቃል መጠየቂያ።

«ያስገቡልኝ፣ ጋሼ።»

«አላውቀውም። የምታውቀው ልጄ ናት።»

«ታዲያ ይደውሉላታ!»

ሽማግሌው የኮታቸውን እጅጌ ስበው ስክሪኑን ጠረግ አደረጉት። ከኮት እስከ ሸሚዝ ጥቁር መልበሳቸውን ይድነቃቸው ያን ጊዜ ገና ልብ አለ። የሚገባበት ጠፋው።

«በአምስት ደቂቃ ሰብሬ እከፍትልዎታለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በነፃ።»

«እንዳትሰብረው!»

«ፎቶዋ፣ ጽሑፏ፣ ሁሉ ነገሯ እኮ እዚህ ውስጥ ነው። ለምን፣ ጋሼ?»

ሽማግሌው የልጃቸውን ሳቅ አንዴ አይተው ላፕቶፑን ቀስ ብለው ዘጉና ብብታቸው ሥር ሸጎጡት።

«አልነግርህም» አሉ።