ከመክፈቻው መልስ

ፍሬሰላም ከውድድሩ መክፈቻ ሥነ ሥርዓት ስትመለስ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር።

«እልል ብለሻል ማለት ነው» አለ ባሏ በእምነት ከአልጋው ሳይነሳ። ወገቡን ከታመመ ወዲህ ከቤት አይወጣም። «በይ ንገሪኝ፤ ልጃችን ባንዲራውን እንዴት ያዘችው?»

ፍሬሰላም ነጠላዋን አጠፈች። ጥለቱ በእንባ ረጥቧል፤ መቼ እንዳለቀሰች ግን አታውቅም። ስታዲየም ውስጥ የታየ ሁሉ ሥነ ሥርዓቱን በቴሌቪዥን የሚያስተላልፈው ድርጅት ንብረት ነው። ስርጭቱ ለከፈለ ቤት ብቻ ይገባል፤ እነሱ አልከፈሉም፤ ታዳሚው ያየው ደግሞ ሲወጣ በሩ ላይ ከአእምሮው ይሰረዛል። ይህን እያወቀች ነው የገባችው። የእናት ዓይን አይሰረዝም ብላ ነበር።

«ጠፋብኝ፣ በእምነት። ሁሉንም ወሰዱት።»

«እሷንም?»

ስልኩ ጠራ። ልጃቸው ሶልያና ነበረች፤ ከአትሌቶቹ መንደር።

«እማዬ፣ እጄን ሳውለበልብልሽ አየሽኝ?»

«አየሁሽ እንጂ፣ የኔ እናት። አምሮብሽ ነበር።»

ስልኩ ሲዘጋ በእምነት በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ።

«ለሷ ሲሆን ታስታውሻለሽ። እኔን ነው የምትደብቂኝ?»

ፍሬሰላም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እውነቱን ብትደግምለት የሚያምናት አልመሰላትም።

«ከሁሉም ፊት ነበረች» ብላ ጀመረች።

«ቀስ እያልሽ» አለ በእምነት ዓይኑን ጨፍኖ። «አንዲት ነገር እንዳታስቀሪ።»