የበቅሎ እጅ

አማቷ እማማ የሽመቤት «በቅሎ» እያሉ ሲሰድቧት ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ስድቡን የዋጠችው ለባሏ ለይርዳው ስትል ነበር። ሐኪሙ «አንቺ ደህና ነሽ፤ የእሱ ነው ዘሩ የሞተው። በጎረምሳነቱ የያዘው ጆሮ ደግፍ ወደ ታች ወርዶበት ነው» ያላቸው ቀን፣ ይርዳው እንደ ሕፃን አልቅሶ «እማዬ እንዳትሰማ፣ ትሞትብኛለች» ሲል አስምሏታል።

ዛሬ የአማቷ ማኅበር ነበር። ጠላ ልትቀዳ ብድግ ስትል፣ እማማ የሽመቤት «አንቺ ተይው፣ የበቅሎ እጅ በረከት የለውም» አሉና ሴቶቹን አሳቁባት። እንግዶቹ እስኪሄዱ ጠበቀች። ከዚያ በሩን ዘግታ መሐላዋን አፈረሰች።

«እማማ፣ መካኑ ልጅዎ ነው። ዘሩን ጆሮ ደግፍ ነው የገደለው።»

አሮጊቷ አልደነገጡም።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ጎረቤት ይሰማሻል። በጎረምሳነቱ ሲታመም ያከመው ሐኪም ያኔውኑ ነግሮናል።»

«ሽማግሌ ሲልኩብኝ ያውቁ ነበር?»

«እናት ነኝ፣ ምን ላድርግ?»

«ነግሮናል አሉኝ። እነማንን?»

«እኔንና ይርዳውን ነዋ።»

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ባሏ ወደሚጠብቃት ቤት አልተመለሰችም፤ መናኸሪያ ሄዳ ወደ ወንድሟ አገር የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ተሳፈረች።