የድሮው ሰው

ሰውየው ከሞተር ሳይክል ወድቆ አንጎሉ ተጎዳ። ሄልሜቱ የዚያን ቀን ቤት ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ጤና ጣቢያው ሐሙስ ሐሙስ ለቤተሰቦች በሚሰጠው ትምህርት ላይ እንደ ሚስቱ ትጉ ሰው አልነበረም። ባሏን ከጎኗ አስቀምጣ ከፊት ትቀመጣለች። ለሃጩን ስትጠርግለት "ተባረኪ፣ እታለም" ይላታል፤ ሰው ይስቃል። እሷ ግን ሁልጊዜ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ "ይድናል?"

"ሚስቱ መሆኗን እንኳ ረስቷል" አለች ነርሷ ለተሰብሳቢው። "ቢሆንም ተስፋ አትቁረጡ። በየቀኑ ካለማመዳችሁት፣ ያለፈውን እያነሳችሁ ካጫወታችሁት፣ አንጎል እንደገና ይማራል። ቀስ በቀስ የድሮው ሰው ይመለሳል።"

ሰው ሲበተን ሚስትየዋ ወደ ኋላ ቀረች።

"ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።"

"ጠይቂኝ፣ የኔ ጎበዝ። ይሄው፣ የልምምዱን ወረቀት ያዢ።"

"ባላለማምደውስ?"

"እንዲሁ እንዳለ ይቀራላ! ምነው፣ እስከ ዛሬ እንዲህ ደክመሽለት አሁን ልትጨክኚበት ነው?"

ሴትየዋ ሻሿን ገለጥ አደረገች። የግራ ጆሮዋ ግማሹ የለም።

"ይሄ የድሮው ሰው ሥራ ነው" አለች።

ሻሿን መልሳ አሰረችና ወደ ባሏ ዞረች። "ተነስ፣ ወንድምዓለም፣ እንሂድ።"

"እሺ፣ እታለም።"

ነርሷ ወረቀቱን እንደዘረጋች ቀረች። ሴትየዋ ባሏን አስቀድማ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።