ሠልስት በጠፈር ላይ

ቴዎ ተከቧል። ዐሥራ አራት ፕላኔት ይዞ ነው የተከበበው፤ ዐሥራ አራቱም ተርበዋል።

ጥፋቱ የራሱ ነው። በዚህ የጠፈር ጌም ውስጥ ባዶ ፕላኔት ባየ ቁጥር እጁን ይበላዋል። መርከብ ይልካል፣ ባንዲራ ይተክላል፣ ሰው ያሰፍራል። የሰፈረ ሰው ደግሞ እህል ይፈልጋል፤ እህል የምታመርተው ግን ዋና ከተማው ብቻ ናት። በሰፈሩ ስም «ለቡ» ብሎ ሰይሟታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ዳር ዳሩ በረሃብ ማመፅ ሲጀምር ከፋሲካ ወዲህ ብቅ ያለ አንድ ተጫዋች መጥቶ ዙሪያውን አጠረው። ስሙ «ጎተራ» ነው።

ይህ ጎተራ ጉደኛ ሰው ነው። የያዘውን ፕላኔት ሳያጠግብ ወደ ሌላው አይሄድም። አይፎክርም፣ አይሳደብም፣ ቻት ላይ አንድ ቃል ጽፎ አያውቅም። መርከቦቹን መውጫ መውጫው ላይ ገትሮ ዝም! አንዲት ጥይት እንኳ አልተኮሰም። ቴዎን ያበገነው ይኸው ዝምታው ነው።

ውድድሩ እሑድ እኩለ ቀን ላይ ያበቃል። እስከዚያ ዋና ከተማውን ያላስነጠቀ ሰው፣ ቦሌ ያለ አንድ ጌም ሠሪ ድርጅት ለሥራ ፈተና ይጠራዋል። ሥራው የጌሙን ሚዛን መጠበቅ ነው፤ ግዛት ማስፋትና ኢኮኖሚ እንዳይጣሉ ማስታረቅ። ቴዎ ይህ ካመለጠው ደግሞ አባቱ ሱቅ ውስጥ ሚስማር ሲመዝን ሊያረጅ ነው።

አባቱ አቶ መኩሪያ ለቡ ላይ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላቸው። እናቱ ካረፈች ወዲህ አባትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው። ቀን ሱቅ፣ ማታ ቤት፤ የትም ቢዞር አባቱ አሉ። መካኒሳ ላይ ቅርንጫፍ እንክፈት ብሎ ስንቴ ለምኗቸዋል።

«መጀመሪያ ይህን መደርደሪያ ሞልተህ አሳየኝ፤ ከዚያ መካኒሳን እናወራለን» ይሉታል፣ ለበዓል በገዛላቸው ስልክ ላይ መነጽራቸውን ደፍተው፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

ዐርብ ዕለት ጎተራ ከበባውን አጠበበ። ቴዎ መላው ጠፋው።

የሐበሻ ተጫዋቾች አንድ ወግ አላቸው፤ ለቅሶ ላይ ያለ ሰው አይወጋም። ለሩቅ ዘመድ አንድ ቀን፣ ለወላጅ እስከ ሠልስት። ማንም አልጻፈውም፤ ግን ማን ደፍሮ ይጥሰዋል? ዐርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። ልክ ይመጣል።

ቻቱ ላይ «አባቴ አረፈብኝ» ብሎ ጻፈ።

ወዲያው ክው አለ። በገዛ አባቱ ላይ ማሟረት! አማተበና ሊያጠፋው ሲል «ነፍስ ይማር»፣ «እግዜር ያጽናህ» መዝነብ ጀመረ። ቃል እንጂ እህል የላከለት አልነበረም፤ ቢሆንም ሁሉም ጻፈ። ጎተራ ብቻ አልጻፈም። መርከቦቹንም አላነሣም።

ማታ አቶ መኩሪያ ራታቸውን አልነካ አሉ።

«አባዬ፣ አትበላም እንዴ?»

«እንዴት ነህ ብለህ እንኳ አትጠይቀኝም» አሉት።

ቴዎ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረ። «እንዴት ነህ?»

«አለሁ» አሉ ውኃ እየቀዱ። «እስካሁን አለሁ።»

ቴዎ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ነገሩ በራለት። ጎተራ ወጉን ያልፈራው ውሸቱን ስላወቀ ነው! የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ጎተራም ይጠፋል። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንጂ አይገባም። ጌሙን የሚጫወት፣ አባቱን በየቀኑ የሚያይ፣ ከግንቡ ማዶ ያለው ጎረቤቱ ሚሳኤል ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?

ግንቡ ላይ ተንጠልጥሎ ጠራው። «ጎተራ አንተ ነህ አይደል? አንተ ከዳተኛ!»

«ያምሃል እንዴ? እኔ በሁለት ፕላኔት የምንፏቀቅ ሰው!»

«አባቴ በሕይወት እንዳለ ከአንተ በቀር ማን ያውቃል?»

«ኧረ ባክህ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!» አለ ሚሳኤል። «የጻፍከውን ሳነብ እኮ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ብቅ ስል አባትህ በረንዳው ላይ ስልካቸውን ይዘው ፍዝዝ ብለው ተቀምጠዋል። አፈርኩብህ። ዝም ያልኩት ለእሳቸው ብዬ ነው።»

ቴዎ አላመነውም። ደረቱን እየነፋ ወርዶ ገባ።

እሑድ አቶ መኩሪያ ከቤተ ክርስቲያን መጥተው፣ ምሳውን ጥደው፣ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ ክፍላቸው ገቡ። ቴዎም የራሱን በር ዘግቶ ስልኩ ላይ አፈጠጠ።

እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የጎተራ መርከቦች ተንቀሳቀሱ። ሁሉም፣ አንድ ሳይቀር፣ ወደ ለቡ!

ቻቱ ተንጫጫ። «ኧረ ነውር ነው!» «በሠልስት?» «ይህ ሰው እናት አልወለደችውም!»

ቴዎ የሚከላከልበት መርከብ የለውም። የሱቁ ሚዛን፣ የሚስማሩ ካርቶን፣ ያ የማይሞላ መደርደሪያ ፊቱ ላይ ድቅን አሉበት። አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። ለፕላኔቷ ይሁን በአፉ ለገደላቸው አባቱ፣ እሱም አያውቀውም።

መርከቦቹ ደረሱ። አልተኮሱም። አንድ በአንድ ተከፍተው እህል ማራገፍ ያዙ፤ ዐሥራ አራቱንም ፕላኔት የሚያጠግብ እህል። ከበባው ተፈታ፣ መውጫው ሁሉ ክፍት ሆነ። ሰዓቱም ሞላና ውድድሩ አበቃ፤ ለቡ በቴዎ እጅ ናት።

ከዚያ ጎተራ ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፈ፤ ለቴዎ ብቻ።

«ይህ ከሟቹ ነው። በል አሁን ውጣ፣ ምሳ ደርሷል።»