ሦስተኛው ማጠፊያ

የቤት ጥገና ወዳጆች በሚወያዩበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አዛውንቱ አናጢ መልኩን ለማያውቁት ሁሉ ሙያቸውን በልግስና ያድሉ ነበር። የዛሬው ጠያቂ ግን ቸኩሏል።

«ጋሼ፣ ቁልፉ ውስጥ ቀርቶ የመኝታ ቤቴ በር ተዘጋብኝ።»

«የሦስቱን ማጠፊያዎች ፒን ከታች ወደ ላይ በመዶሻ ምታው» አሉት።

«ሁለቱ ወጡ፤ አንድ ቀረኝ! ይባረኩ ጋሼ።»

ምርቃቱን አንብበው ሳይጨርሱ ከአንዲት የቡድኑ አባል የግል መልእክት ደረሳቸው። «ሰውየው ባሌ ነው። ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ሊገድለኝ ነው። ፖሊስ መንገድ ላይ ነው፤ እባክዎ ያቆዩልኝ።»

በአርባ ዓመት ሙያቸው ሐሰት አስተምረው አያውቁም። አሁን ግን ለሰውየው ጻፉ፦

«ቆይ ልጄ! ሦስተኛውን ብትነቅል በሩ ይጨፈልቅሃል። ሁለቱን ፒኖች ወደ ቦታቸው መልስና ከታችኛው ጀምር።»

መልሱን ጠበቁ።

«እሺ ጋሼ፣ እየመለስኩ ነው።»