ሦስተኛው በር ላይ የቆሙት እናት

«እማማ! ቶሎ በሉ እንጂ! ሰው እያስቆሙ እኮ ነው!»

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ባቡር ጣቢያው ውስጥ መርፌ መጣያ የለም...

ሦስተኛው የትኬት በር ላይ የቆመችው ወጣት ተቆጣጣሪ ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ትጮኻለች። ባልደረቦቿ ያወጡላት ስም ራሱ «ቶሎ በሉ» ነው። በደቂቃ ብዙ ሰው የሚያልፈው በእሷ በር ነው። አለቃዋም ሌሎቹን «ከእሷ ተማሩ!» ይላቸዋል።

አሁን ግን አንዲት አሮጊት የበሩ መዝጊያ ብረት ፊት ቀጥ ብለው ቆመዋል።

ትኬታቸውን ወደ እሷ ዘርግተው ዓይን ዓይኗን ያዩዋታል።

አይናገሩም...

«እማዬ፣ ነይ እንጂ! ባቡሩ ሊሄድ ነው» አለ ልጃቸው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሽቶው ከሩቅ የሚጣራ ጎልማሳ ነው። ቦርሳቸውን የያዘላቸው እሱ ነው። ወደ ተቆጣጣሪዋ ዞሮ ፈገግ አለ። «እህቴ ጋ ልትሄድ ነው። መንገድ አትወድም።»

ከኋላ ሰልፉ መነጫነጭ ጀመረ።

«ኧረ እዚህ ልናድር ነው እንዴ?»

«ሴትዮዋ በሩን ሊገዙት ነው መሰለኝ፣ እያዩት ነው!»

ሰው ሳቀ።

«ቶሎ በሉ» ትኬቱን ከእጃቸው ወሰደችና ሳታየው ማሽኑ ላይ አስነክታ መለሰችላቸው። ብረቱ ተከፈተ። ጀርባቸውን በመዳፏ ገፋ አደረገቻቸው።

«ይለፉ እማማ፣ ይለፉ!»

አለፉ...

ከሩብ ሰዓት በኋላ ልጅየው ብቻውን ተመለሰ። ቢጫ ትኬቱን እጇ ላይ አስቀመጠላት።

«ሄዱ እናትዎ?»

«አዎ፣ ሄደች» አለ፣ ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ።

በዚህ ጣቢያ ትኬቱ ሁለት ዓይነት ነው። ነጩ የተጓዥ ነው። ቢጫው የሸኚ ነው፤ ሸኚው ሲወጣ በሩ ላይ ይመልሰዋል። በቢጫ ትኬት ባቡር ላይ የሚወጣ የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተራዋ አለቀ። የገባው ቢጫና የተመለሰው ቢጫ እኩል መሆን አለበት።

አንድ ጎደለ።

ደግማ ቆጠረች። ጎደለ...

«ሰው ውስጥ ጥለሻል» አላት አለቃዋ። «ወደ ባቡር መሳፈሪያው ውረጂና ፈልጊ። እስክታመጪ አልፈርምልሽም።»

«እግሬ አብጧል እኮ ጋሼ!»

«ውረጂ ብያለሁ!»

እያጉረመረመች ወረደች። አንዱ ሸኚ የሆነ ጥግ እንቅልፍ ጥሎት ይሆናል ብላለች።

መጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ የጠዋቷ አሮጊት ተቀምጠዋል። ቦርሳቸው ጭናቸው ላይ ነው። ቢጫዋ ትኬት በጣቶቻቸው መሀል...

«እማማ! እስካሁን አልሄዱም? ኧረ ይሄ የሸኚ ነው! ልጅዎ ተሳስቶ ነው የገዛልዎ!»

«አልተሳሳተም፣ ልጄ።»

«እንዴት?»

«እላይ ትኬት መሸጫው ጋ ሁለተኛዋን መስኮት ታውቂያታለሽ?»

«አዎ...»

«ሃያ ስድስት ዓመት እዚያች መስኮት ውስጥ ቁጭ ብዬ ትኬት ሸጫለሁ። ነጩንም፣ ቢጫውንም። እሱን ያሳደግኩት እዚያው ነው። እግሬ ስር ካርቶን አንጥፌ አስተኛው ነበር። ዛሬ ዓይኔ የጠፋ መስሎታል። ደከመ እንጂ... ቢጫን ከነጭ መለየት መች አቃተኝ?»

ተቆጣጣሪዋ አጠገባቸው ዘጭ አለች።

«እና... አውቀው ነው የገቡት?»

«ሊጥለኝ እንደሆነ ትናንት የቤቱን ቁልፍ ሲቀበለኝ ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ እማማ?»

«ያን ሁሉ ሰው ፊት ልጄን ላዋርደው?»

ባቡር መጣ፣ ሰው አራገፈ፣ ሄደ።

«ግን እኮ አንቺ ፊት ቆሜያለሁ» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ትኬቱን ወደ አንቺ አዙሬ ያዝኩት። 'እማማ፣ ይሄ አያስኬድም' ትይኛለሽ ብዬ። አንቺ ካልሽው እኔ አልተናገርኩም ማለት ነው። እሱም 'ውይ፣ ተሳስቼ ነው' ይላል... ያፍርና ለዛሬ እንኳ ወደ ቤት ይመልሰኛል ብዬ ነበር። አንቺ ግን...»

አልጨረሱትም።

እሷ ጨረሰችው። «ቶሎ በሉ አልኩዎት።»

ፖሊስ ተጠራ። ከበሩ አጠገብ ቆሞ ደብተሩን ገለጠ።

«የልጅዎን ስም ይንገሩኝ እናቴ። ዛሬውኑ እናመጣዋለን።»

«ልጅ የለኝም» አሉ።

እስከ መጨረሻው ከዚህ ቃል ንቅንቅ አላሉም። ሸሸጉት... ሽቶውን ተቀብቶ የጣላቸውን ልጅ ሸሸጉት።

ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን ወደሚኖሩበት ቤት የሚወስዳቸው መኪና መጣ። ሊወጡ ሲሉ ሦስተኛው በር ላይ ቆሙ፤ ጠዋት የቆሙበት ቦታ። ቢጫዋን ትኬት ተቆጣጣሪዋ እጅ ላይ አስቀመጡ።

«እንዳይጎድልብሽ፣ ልጄ።»

አለቃዋ ቢጫዎቹን ቆጠረ። ልክ መጣ።

«አየሽ? የጠፋ የለም» ብሎ ፈረመላት...

ዛሬ ዛሬ ከሁሉም ቀርፋፋው በር ሦስተኛው ነው። አለቃዋ ይቆጣል፣ ሰልፉ ይሳደባል። እሷ እያንዳንዱን ትኬት ገልብጣ ታያለች፤ ከዚያ ቀና ብላ ፊቱን ታያለች። ስሟ ግን አልተቀየረም። «ቶሎ በሉ» ሲሏት አቤት ትላለች።

ወገኖቼ... ልጅየውን መርገም ቀላል ነው። እርገሙት፣ ይገባዋል። ግን ያን ዕለት እኚያን እናት የገፋ እጅ የእሱ ብቻ አልነበረም። የተጨነቀ ሰው ሁሉ አይጮኽም። አንዳንዱ ፊታችን መጥቶ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ጠይቁኝ ማለቱ ነው።

እናንተስ... ፊታችሁ ቆሞ ዝም ያለውን ሰው «ምን ሆነሃል?» አላችሁት ወይስ «እለፍ»? እውነቱን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።